የዌልስ ፐንክ ሸክላ አግኝቼ ወደ ላፕቶፕ ስገለብጠው ድምፁ ቀጠነብኝ፣ እርዱኝ

ሄለን ካርዲፍ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ባለፈው እሁድ እዚህ ካርዲፍ ሰው መኪናውን ከፍቶ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሜዳ ሄጄ አንድ ካርቶን ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ) ሸክላ በ20 ፓውንድ ገዛሁ፣ ቤት ገብቼ ሳየው ግማሹ በዌልስ ቋንቋ ነው። አንዱን ሳጫውተው ፐንክ (ያ ፈጣንና ጯኺ ሮክ)! ቃል አልገባኝም ግን ሶስቴ ደጋገምኩት። ባንዱ ሊጎድ ፈርኒግ፣ ዘፈኑ ኤን ሲ ቢ ይላል። አሁን ችግሬ፣ ከማጫወቻው በቀጥታ ወደ ላፕቶፑ ማይክ መግቢያ ሰክቼ ስቀዳው እንደ ትንኝ ነው የሚጮኸው፣ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) የሚባል ነገር የለም። ደሞ ሸክላው ኦሪጅናል ይሁን ኮፒ እንዴት ነው የሚለየው? ዩቲዩብ ላይ ብለቀውስ?

ሸክላ ወዳጅ፦
ኧረ እህቴ ምን አይነት ዕድል ነው! ስሙ ቁጡ አይጦች ማለት ነው፣ የላኔሊ (የደቡብ ዌልስ ከተማ) ልጆች ናቸው፣ በ1978 ፑዱር የሚባል ትንሽዬ ሌብል (ሸክላ አሳታሚ) ያወጣው፣ በዌልስ ቋንቋ ከተሰሩት የመጀመሪያዎቹ ፐንክ ሸክላዎች አንዱ። ኤን ሲ ቢ ደግሞ የመንግስት የድንጋይ ከሰል ድርጅቱ ነበር፣ ለዚያ አካባቢ ልጅ እንጀራውም ጠላቱም። ካርቶኑ ውስጥ ትሩዊናይ ኮኽ (ቀይ አፍንጫዎች) የሚባለው ባንድ ሸክላ ካለ ደግሞ ለብቻው አስቀምጪው፣ እነሱ ወደ ፓወር ፖፑ (ዜማው ጎላ ወዳለው ሮክ) ያደላሉ።
ኦሪጅናልነቱን በዋጋ ሳይሆን በቁጥር ነው የምታጣሪው። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ መሃል ላይ ባለው የወረቀት ሌብል ዙሪያ ያለውን ባዶ ክብ መብራት ስር አዘንብለሽ እዪው፣ በመርፌ የተጫረ ቁጥር አለ፣ እሱን ዲስኮግስ (የሸክላዎች መዝገብ ድረ ገጽ) ላይ ከተመዘገበው ጋር አስተያዪ። እኔ አንዴ ይሄን ሳላይ ለድጋሚ ህትመት የኦሪጅናል ዋጋ ከፍዬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቴክኒሻኑ፦
ትንኙ ቀላል ነው። ሸክላ ሲቀረፅ ቤዙን ይቀንሱና ቀጭኑን ድምፅ ያጎሉታል፣ አለበለዚያ መስመሩ ሰፍቶ ሸክላው ላይ አይበቃም። ሲጫወት ያንን የሚመልሰው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው፣ አንቺ እሱን ዘለሽው ነው። መጀመሪያ ግን ማጫወቻሽን ከኋላ እዪው፣ ፎኖ/ላይን የሚል ማብሪያ ካለው ፕሪአምፑ ውስጡ አለ፣ ላይን ላይ አድርጊው በቃ። ከሌለው ትንሽ ፕሪአምፕ ገዝተሽ መሃል ላይ አስገቢ፣ ላፕቶፑንም በማይክ ሳይሆን በዩኤስቢ ኢንተርፌስ (ድምፁን ወደ ዲጂታል ቀይሮ በዩኤስቢ በሚያስገባ ትንሽ ሳጥን)። ኦዳሲቲ (የመቅጃ ፕሮግራም) ላይ የድምፅ መለኪያው ቀይ እንዳይነካ ዝቅ አድርገሽ ቅጂ፣ ፍላክ (ጥራት የማይቀንስ ፋይል) አድርገሽ አስቀምጪ፣ ኤምፒ3 ኋላም ይደረሳል። ከመቅዳትሽ በፊት በተጣራ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ መስመሩን ተከትለሽ ጥረጊው፣ ሌብሉን እንዳታረጥቢው አደራ።

ሄለን ካርዲፍ፦
ማብሪያው አለ!! እስካሁን ፎኖ ላይ ነበር፣ አፈርኩ 😅 አሁን ቤዙ መጣ። ዩቲዩቡስ?

አበበ ለንደን፦
አትቸኩዪ። እዚህ አገር የተቀረፀ ድምፅ ከወጣ በኋላ 70 ዓመት ባለቤት አለው፣ የ1978ቱ ገና ነው፣ የግጥምና ዜማው መብት ደሞ ለብቻው። ልጆቹ ቢሆኑ ዛሬ ሽማግሌ ናቸው እንጂ አልጠፉም ይሆናል፣ ዌልስ ትንሽ አገር ነች፣ አንድ ሙዚቀኛ ብትጠይቂ ሌላውን ያውቀዋል፣ እና መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቂ። የጥበቃ ጉዳይ ከሆነ አበሪስትዊዝ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ማህደር አለው፣ ጻፊላቸው።

ሸክላ ወዳጅ፦
በነገራችን ላይ የዌልሶች ትልቁ ሌብል ሳይን (ድምፅ ማለት ነው) የተመሰረተው በ1969 ነው፣ የኛ አምሃ ሪከርድስም በዚያው ዓመት። ፐንኮቹ ግን የየራሳቸውን ሌብል ከፈቱ፣ አንህረቨን (ሁከት) የሚባለው ባንድ በ1985 የብዙ ባንዶች ስብስብ አልበም አወጣ፣ ካም ኦር ታዊሉኽ፣ ከጨለማ አንድ እርምጃ እንደማለት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ትልቅ ሸክላም አለ እንዴ?

ሄለን ካርዲፍ፦
አራት አለ፣ ገና አልነካኋቸውም። ማታ ክቦቹን አንብቤ ቁጥሩን እለጥፋለሁ።