ኮቪድን የገታው በር መዝጋት ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ንጋት፦
ኮቪድን ማን በተሻለ ገታ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የኔ አቋም ግልጽ ነው። ቀድሞ የዘጋ ሀገር ሕዝቡን አተረፈ። ኒውዚላንድ በማርች 2020 ድንበሯን ለውጭ ዜጎች ዘጋች። ሳምንት ሳይሞላ ሕዝቡ ቤቱ ገባ። ያኔ በኮቪድ የሞተ አንድም ሰው አልነበራትም። ጁን 8 ላይ በሽታው ያለበት አንድም ሰው አልቀረም። ስዊድን ክፍት ሆና ቆየች። በዚያው ዓመት ከሕዝብ ብዛቷ አንጻር ከኖርዌይና ከፊንላንድ እጅግ የበዛ ሰው ቀበረች። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ቆራጡ፦
ፔሩንስ የት ጣልሻት? እሷም የመጀመሪያው ሟች ሳይመዘገብ ነው የዘጋችው። ሰዓት እላፊው፣ ወታደሩ፣ ሁሉም ነበረ። በ2021 የሟቾች መዝገብ እንደገና ሲጣራ ግን ቁጥሩ ከ69 ሺህ ገደማ ወደ 180 ሺህ ዘለለ። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ከዓለም አንደኛ። መዝጋት የሚያድን ከሆነ ይህ እንዴት መጣ?

ነርሷ፦
እኔ ልመልስ። ፔሩ ውስጥ ብዙው ሠራተኛ የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ሠርቶ የሚያገኝ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ገበያ መውጣት ግድ ነው። የባንክ ሂሳብ የሌለው ሰው ስለበዛ ድጎማውን ለመቀበል ባንክ በር ላይ ተሰለፈ። ገበያውና ሰልፉ በሽታውን አዛመቱት። ሆስፒታል ሲደርስ ደግሞ ኦክስጅን የለም። ቤተሰብ ባዶ ሲሊንደር ተሸክሞ ሌሊቱን ሲሰለፍ… ይሄን ሳስብ አሁንም ያመኛል። አዋጁ ለሁሉም አንድ ነበር። ቤት መቀመጥ የቻለው ግን ያለው ብቻ ነው።

ስለዚህ «ዘጉ ወይስ አልዘጉም» የሚለው ጥያቄ ራሱ አይዋጥልኝም። ደቡብ ኮሪያ በ2020 ሕዝቡን በሙሉ ቤት አላስቀመጠችም። ግን በ2015 መርስ በሚባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ 186 ሰው ታሞባት 38ቱ ሞተዋል። ያ ቁስል ሕጓን እንድታስተካክል አደረጋት። ኮቪድ ሲመጣ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ይመረመር ነበር። ከታማሚ ጋር ንክኪ ያለውን በስልክና በባንክ ካርድ ዱካ እየተከተሉ ያገኙታል።

ቆራጡ፦
እሱ ላይ ቆም በይ። መንግሥት የባንክ ካርዴን ሲከታተል ዝም ልበል? የታማሚዎች ውሎ ለሕዝብ ይወጣ ነበር። ስም ባይጻፍም ጎረቤት ማንነቱን ያውቃል። እንዲህ የተሸማቀቀ ሰው በየትኛው ሠንጠረዥ ይቆጠራል?

ነርሷ፦
እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። እነሱም የሚያወጡትን ዝርዝር በኋላ ቀንሰውታል።

ንጋት፦
እሺ፣ ፔሩን ተቀብያለሁ። ስዊድን ላይ ግን አልለቅም። የራሷ አጣሪ ኮሚሽን በዲሴምበር 2020 አረጋውያኑን መጠበቅ አልተቻለም ብሏል። መጦሪያ ቤት ያሉ እናትና አባቶች ናቸው ያለቁት።

ቆራጡ፦
ብሏል፣ አልክድም። ግን ትንንሾቹ ልጆች ከትምህርት ገበታቸው አልተነሱም። ደግሞም እስከ 2022 ድረስ ከተለመደው በላይ የሞተውን ሰው ስትቆጥሪ ስዊድን በአውሮፓ ዝቅተኛ ቁጥር ካላቸው መካከል ናት። ቆጠራውን የት ላይ እንዳቆምሽ እይው።

ነርሷ፦
ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው። ሆንግ ኮንግን በ2021 መጨረሻ ብትጠይቁኝ አርአያ ናት እል ነበር። ሁለት ዓመት ያህል በሽታው እንዳይስፋፋ ገትታ ቆየች። በ2022 መጀመሪያ ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ሰብሮ ሲገባ ግን ብዙ አረጋውያን ክትባት አልወሰዱም። በጥቂት ሳምንታት በሺዎች ሞቱ። ኒውዚላንድ ያው ዝርያ ሲደርስባት አብዛኛው አዋቂ ተከትቦ ነበር። ሁለቱም በር ዘግተዋል። መዝጋት ፋታ ይሰጣል እንጂ በሽታውን አያጠፋውም። በፋታው ምን ሠሩበት? እኔ የማወዳድረው በዚህ ነው።

ንጋት፦
በዚህ ከሄድን ማን በተሻለ ገታ ብዬ በልቤ የደረደርኩትን የሀገሮች ዝርዝር እንደ አዲስ ልሠራው ነው። ሆንግ ኮንግ ከላይ ትወርዳለች። ስዊድንን ግን ስለ አረጋውያኑ ስል ከፍ አላደርጋትም። እዚህ ላይ እንደተለያየን እንቆይ።