ኮልቺሲን የሽንኩርት ሥር ላይ አልሠራ አለ

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
የዕፅ መርዝ የሴልን ውስጣዊ አጽም ሲያፈርስ ለተማሪዎች ለማሳየት ፈልጌ የሽንኩርት ሥር 0.05 በመቶ ኮልቺሲን ውስጥ 4 ሰዓት ነከርሁ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ግን አናፌዙ (ክሮሞሶሞቹ ወደ ሁለት ጎን የሚለያዩበት ደረጃ) እንደ ወትሮው ነው፤ ክፍፍሉ አልቆመም። ብጥብጡ በነጭ ጠርሙስ መስኮት ላይ 2 ሳምንት ከርሟል። የቱ ጋ ተሳሳትሁ? ሽባ የሚያደርገው ጓያስ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው?

የላብ ቴክኒሻን፣ ባሕር ዳር
መምህር፣ ጥፋቱ የመስኮቱ ነው። ኮልቺሲን ፀሐይ ሲመታው ሉሚኮልቺሲን ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የማይክሮቲዩቡል መገንቢያ የሆነውን ፕሮቲን፣ ቱቡሊንን፣ አይዝም። ስለዚህ ክሮሞሶም የሚጎትተው ቀጭን ቱቦ፣ ማይክሮቲዩቡሉ፣ እንደልቡ ይሠራል፣ ክሮሞሶሙም ይጎተታል። 50 ሚሊግራም በ100 ሚሊሊትር ውሃ አዲስ ይበጥብጡና ጠርሙሱን በፎይል ጠቅልለው ፍሪጅ ያስገቡ።

ሥሩ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን በጨለማ 3 ወይም 4 ሰዓት ይንከሩት። ታጥቦ 3 እጅ አልኮልና 1 እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ይደር። በማግስቱ 1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ በ60 ዲግሪ 8 ደቂቃ፣ ቀጥሎ አሴቶካርሚን ቀለም ውስጥ 20 ደቂቃ። ከጫፉ 2 ሚሊሜትር ብቻ ቆርጠው በመሸፈኛ መስታወት ስር ይጫኑት። አሲዱ ሲበዛበት ሥሩ ይላሽቃል፤ ሲያንሰው ሴሎቹ ተደራርበው አይታዩም።

ኮልቺሲኑ ውስጥ ግን አያሳድሩት! ክሮሞሶሙ ተባዝቶ ሳይከፈል ይቀርና 16 የነበረው 32 ሆኖ ያገኙታል።

የዕፅዋት ዘር ተመራማሪ፣ አዴት
አንድ ልጨምር። የዕፅዋት ቱቡሊን ኮልቺሲንን የሚይዘው ላላ አድርጎ ነው፤ መጠኑ የበዛው ለዚህ ነው። የሰው ሴል ከዚህ በሺህ እጅ ባነሰውም ይቆማል። ጓንት ሳያጠልቁ አይንኩት፤ ትራፊውንም ቧንቧ ውስጥ አይድፉ። ለተማሪዎች እኔ ብሆን መርዙን ትቼ የገብስ ሥር በረዶ ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት አቆየው ነበር። ማይክሮቲዩቡል በብርድም ይፈታል፣ 14ቱ ክሮሞሶሞችም ይቆጠራሉ።

ፋርማሲስት፣ ፍኖተ ሰላም
የጓያው ሌላ ነው። ኦዳፕ የሚባለው መርዙ የነርቭ መልእክት አስተላላፊውን ግሉታሜትን መስሎ የነርቭ ሴሉን ተቀባይ ከልክ በላይ ይቀሰቅሳል እንጂ ቱቡሊን ላይ አይጣበቅም። በአሠራሩ የኮልቺሲን ዘመድ ከፈለጉ ቪንክሪስቲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት አለ፤ እሱም ማይክሮቲዩቡል እንዳይገነባ ያደርጋል። ታክሶል የሚባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒት ግን ተቃራኒው ነው፦ የተገነባው እንዳይፈርስ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ሴሉ ያኔም መከፈል ያቅተዋል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። 60 ዲግሪ የሚይዝ ማሞቂያ ከሌለስ?

የላብ ቴክኒሻን፣ ባሕር ዳር
አፈ ሰፊ ቴርሞስ ይበቃል። የፈላ ውሃ በቀዝቃዛ እያበረዱ ቴርሞሜትሩ 62 ሲል የአሲዱን ቱቦ ይክተቱ፤ ለ8 ደቂቃ ብዙም አይወርድም።