ከእናቴና ከልጄ ጋር ፍሬንኪሸ ሽቫይትስ፦ የትኛው ዋሻ ይሻለናል?

ናርዶስ ዘኑርንበርግ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኑርንበርግ ነው። እናቴ ለሦስት ወር መጥታልኛለች። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ድብ ያለበት ነገር ሁሉ ያሳብደዋል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ፍሬንኪሸ ሽቫይትስ ውሰጃቸው፣ አገሩ ዋሻ በዋሻ ነው» አለችኝ። ካርታውን ስከፍተው እውነትም ዋሻ በዋሻ ነው። የትኛው ትኬት ተቆርጦ እንደሚገባበት፣ የትኛው ዝም ብሎ ጫካ ውስጥ ያለ ጉድጓድ እንደሆነ ግን መለየት አቃተኝ።

ያሰብኩት በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። መኪና የለኝም። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ ስታይ ፊቷ ይለዋወጣል። «እኔ ውጭ ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ» ትላለች። እሷን ውጭ አስቀምጬ መግባት ደግሞ እኔ አልፈልግም። የሄደ ካለ ይምከረኝ።

መንገደኛው

እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኑን እናስተካክል። ኖቬምበር ከሄድሽ ግማሹ ያመልጥሻል። ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 የሌሊት ወፍ የሚከርምባቸው ዋሻዎች ውስጥ መግባት በጀርመን ሕግ ክልክል ነው። ለጎብኚ የተዘጋጁት፣ መብራትና አስጎብኚ ያላቸው፣ በዚህ አይነኩም። ጫካ ውስጥ ያሉት ክፍቶቹ ግን ይነካሉ። እንስሳቷ በብርዱ ወራት ሰውነቷን አቀዝቅዛ፣ በበጋ ባጠራቀመችው ስብ ብቻ ነው የምትቆየው። ሰው ባትሪ ይዞ ገብቶ በቀሰቀሳት ቁጥር ያ ስብ ይቃጠላል። ነፍሳት በሌሉበት ወር ደግሞ የምትተካበት ምግብ የለም። ስለዚህ ሴፕቴምበር ሳያልቅ ሂጂ። ገና ሁለት እሑድ አለሽ።

ስሙ «የፍራንከን ስዊዘርላንድ» ማለት ቢሆንም አያሳስትሽ፤ ስዊዘርላንድ የሚባል ነገር የለበትም። ባቫሪያ ውስጥ፣ በኑርንበርግ፣ በባምበርግና በባይሮይት መካከል ያለ ገጠር ነው። እኔ ኤርላንገን የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፤ ዕረፍት ሳገኝ መዋያዬ እዚያ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ አልጠገብኩትም።

ቦታው ድሮ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ነበር። አሁን ማማ መስለው የቆሙት ድንጋዮች የባሕር ስፖንጅ የሚባሉ እንስሳት የሠሯቸው ኮረብታዎች ናቸው። የዝናብ ውሃ በአፈሩ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል። በስንጥቁ እየገባ የኖራ ድንጋዩንና እሱን የሚመስለውን ዶሎማይት ይበላዋል። ዋሻው የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እኔን ብትጠይቂኝ ኦስቫልድሆለ ነው የምልሽ። ከሙገንዶርፍ መንደር በላይ ያለ፣ በአንድ በኩል ገብተሽ በሌላው የምትወጪበት፣ 60 ሜትር ገደማ የሚሆን ዋሻ ነው። ትኬት የለውም፣ መብራትም የለውም። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ በስኒከርና በስልክ መብራት ገባሁ። መሬቱ እርጥብ ጭቃ ነበር፤ እንደ ሳሙና አንሸራተተኝና በቂጤ ተቀመጥኩ። ስልኬ ፊቱን ወደ ታች ጭቃው ላይ ተደፋ፤ ድርግም። ለምን ያህል ጊዜ እንደዳበስኩ አላውቅም፤ ምናልባት አንድ ደቂቃ ነው። ከጣሪያው ጠብ የሚል የውሃ ድምፅ እየሰማሁ፣ መዳፌን ጭቃው ላይ እያንሸራተትኩ። ያቺን ደቂቃ ነው እስከ ዛሬ የምወዳት። አሁን ስሄድ አውቄ አጠፋዋለሁ። አንቺ ግን ለልጁ ግንባሩ ላይ የሚታሰር ባትሪ ግዢለት፤ ለራስሽም ሁለት ያዢ። ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ፣ ሹራብም አትርሺ።

ሪዘንቡርግንም ብታዩት ደስ ይለኛል። እሱ ጣሪያው የተደረመሰ ዋሻ ነው። የቀሩት የድንጋይ ቅስቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ሰማይ ይታያል። የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ ቀዳማዊ በ1830 መጥቶ፣ ደመና በነፋስ ይመጣል ይሄዳል፣ አንተ ድንጋይ ግን አትለወጥም የሚል ስንኝ ተቀርጾለታል። ደረጃው ግን ለእናትሽ አይሆንም።

ፖተንሽታይን ያለው ቶይፈልስሆለ፣ ማለትም የሰይጣን ዋሻ፣ ከሁሉም ዝነኛው ነው። ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ ሰው ይበዛዋል። እኔ አንድ ጊዜ ገብቼ አልተመለስኩም። ከ1942 እስከ 1945 ናዚዎች የፍሎሰንቡርግ ማጎሪያ ካምፕ ቅርንጫፍ እዚያ ነበራቸው። በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞች ዋሻውን ለማስፋት ተገደው ቆፍረዋል። አለቃቸው ኤስኤስ የሚባለው የናዚዎች ታጣቂ ድርጅት መኮንን የሆነው ጂኦሎጂስት ሃንስ ብራንት ነበር፤ በ1920ዎቹ ዋሻውን ለጎብኚ የከፈተውም እሱ ራሱ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ባለቀለሙ መብራት አላምርህ አለኝ። የኔ ነገር ነው።

ሰናይት

መንገደኛው፣ ታሪኩን በመጻፍህ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ወጥቶ ይሄዳል። ግን ልጁን አታስቀረው! ናርዲ፣ ቶይፈልስሆለ ውስጥ የዋሻ ድብ፣ ማለትም ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የጠፋ የድብ ዓይነት፣ አጽሙ ተገጣጥሞ ቆሟል። ድብ ለሚወድ ልጅ ከዚህ ወዲያ ምን አለ? የኔ ሴት ልጅ እጇን ወደ ጥርሱ ዘርግታ አስጎብኚው በዓይኑ ነው የመለሳት። እስረኞቹንም ንገሪው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ይገባዋል።

ደግሞ ይህ ድብ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከዚያው አካባቢ ነው። ቡርግጋይለንሮይት አጠገብ ካለው ዞዎሊተንሆለ ከሚባል ዋሻ በወጣ አጥንት ሮዘንሙለር የሚባል ሰው በ1794 ሰየመው። ከዚያ በፊት፣ በ1774፣ ኤስፐር የሚባል ቄስ ስለ አጥንቶቹ ጽፎ ነበር። ዋሻው ለሕዝብ ዝግ ነው፤ ስለዚህ በፍለጋ አትድከሚ።

ለእናትሽ ሽትራይትበርግ ያለው ቢንግሆለ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። 300 ሜትር ገደማ ነው። በ1905 ያገኘው ኢግናትስ ቢንግ የሚባል የኑርንበርግ ነጋዴ ነው፤ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ከመንደሩ እስከ በሩ ግን አቀበት አለ፤ ቀስ በሉ። ውስጡ ዓመቱን ሙሉ 9 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ነጠላ ብቻ አታልብሻት። የተንጠለጠሉትን ድንጋዮች እንዳትነኩ። የእጅ ወዝ ከነካቸው እድገታቸው ይበላሻል።

ባለ ባቡሩ

መኪና አያስፈልግሽም። ከኑርንበርግ ወደ ፎርሽሃይም በባቡር፣ እዚያ ቀይረሽ ኤበርማንሽታት። ከዚያ 389 ቁጥር አውቶቡስ ሙገንዶርፍን፣ ቱሸርስፌልትንና ፖተንሽታይንን ያዳርስሻል። እሑድ ግን ብዙ ስለማይመላለስ የመመለሻውን ሰዓት ሳታዪ እንዳትወርጂ። እኔ ቱሸርስፌልት ላይ ቀርቼ ሁለት ሰዓት ድንጋይ ሳይ ውያለሁ። ደግነቱ ድንጋዩ የሚታይ ነው፤ ማማ የሚያህሉ ቋጥኞች ቆመው ቤቶቹ ከግርጌያቸው ተሸጉጠዋል። ለእናትሽ ያለ ምንም ደረጃ ከመንገዱ ይታያል።

አሮጌውን ባቡር ደግሞ እንዳትረሺ። ከኤበርማንሽታት እስከ ቤሪንገርስሙለ 16 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሜይ እስከ ኦክቶበር እሑድ እሑድ ይሄዳል። ትኬቱ ለብቻው ነው።

ናርዶስ ዘኑርንበርግ

ተመልሰናል! የሴፕቴምበር የመጨረሻው እሑድ ሄድን። አሮጌውን ባቡር ይዘን ሙገንዶርፍ ወረድን። እማዬን ካፌ አስቀምጣት ይሆናል ብዬ ነበር። እሷ ግን «ደረጃ ነው ያስቸገረኝ እንጂ መንገድ መች አልኩሽ?» ብላ ምርኩዝ ከጫካው አንስታ ተነሣች። አግዳሚ ወንበር ባገኘች ቁጥር ተቀመጠች፤ ካርታው ላይ የሃያ ደቂቃ የሚመስለውን መንገድ አንድ ሰዓት ፈጀንበት። እኔ ነኝ ያለከለክሁት።

ኦስቫልድሆለ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን። መሬቱ እንዳልከው ነው፣ መንገደኛው፤ የእማዬ ምርኩዝ ባይኖር እኔም ቁጭ ብዬ ነበር። መሐል ላይ ባትሪውን አጠፋን። ልጄ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ፣ ዝም አለ። እማዬ ብቻ ሳቀች። «ድሮ እኮ ማታ እንዲህ ነበር» አለች፤ «እናንተ መብራት ላይ ተወልዳችሁ ነው።» ከዚያ ልጄ እጄን ጭምቅ አድርጎ «አሁን ይበቃል» አለ፤ አበራን።

ድብ ግን አላየም፣ ቂም ይዟል። በዕረፍቱ ፖተንሽታይን ልንወስደው ቃል ገብተናል። አስጎብኚ ስላለው ኖቬምበር መጀመሪያም ይሆናል ብዬ ነው፤ ሰዓቱን ደውዬ አጣራለሁ። እማዬም «እኔም እገባለሁ፣ መጀመሪያ ግን ደረጃው ስንት እንደሆነ ጠይቂልኝ» ብላለች። የቆጠረ ካለ?