ፊደል ቆጥረው ቃል ማንበብ ላቃታቸው ልጆች ምን ላድርግ?

ሰላም መምህራን፣ እባካችሁ እርዱኝ። አንደኛ ክፍል ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። ልጆቼ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ያወርዱታል፤ አንድም አይስቱም። ከመሀል ነጥዬ ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ።

ትናንት አንዲት ልጅ «ቤት» የሚለውን እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። ጣቷን እያጠፈች «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ» አለች። ቀጥላ «ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ፣ ት»። «ት» ላይ ስትደርስ «ቤ» ጠፍታባታለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ችግሩ የእሷ አይደለም ባይ ነኝ። 231 ፊደል በቅደም ተከተል መሸምደድና ማንበብ ለየቅል ናቸው።

ፊደላቱን በካርድ ጽፌ፣ እያደባለቅኩ አስጠናኋቸው። ነጠላ ፊደል መለየት ላይ ጥሩ ለውጥ አለ። የተቸገርኩት ማጣመሩ ላይ ነው። በተለይ ሳድስ (እንደ «ል»፣ «ብ» ያለው ስድስተኛው የፊደል ቅርጽ)! «ልብስ»ን ሦስት ቦታ ቆራርጠው ይጠሩትና ቃሉን አያውቁትም። ሲጽፉም «ኑ»ን ከ«ኒ»፣ «ሰ»ን ከ«ሸ» ያምታታሉ።

አሁን ያሰብኩት ሙሉ ገበታውን ለጊዜው ትቼ፣ ጥቂት ፊደላት ይዤ ወዲያው ቃል ማስመሥረት ነው። ለምሳሌ በ«ላ»፣ «ማ»፣ «ም» እና «ስ» ብቻ «ላም»፣ «ስም»፣ «ማማ» ይወጣል። ይህን የሞከራችሁ አላችሁ? በየትኞቹ ፊደላት ጀመራችሁ? ቀድመው ማንበብ የቻሉትንስ በዚያ ሰዓት ምን ታሠሯቸዋላችሁ? ወላጆች ደግሞ ቤት ውስጥ በዜማ ማስቆጠሩን ይወዱታል። ይቅር ልበላቸው ወይስ ጎን ለጎን ይሂድ?