ሰው እቀጥራለሁ፣ ራሴ ግን መግቢያ አጣሁ

ሰላም ናችሁ? ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለ የግል ድርጅት የቅጥር ባለሙያ ነኝ። ሙያዬን እወደዋለሁ። መሥሪያ ቤቱ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል።

ማስታወቂያ የምናወጣው ብዙ ጊዜ ተቀጣሪው ከታወቀ በኋላ ነው። አለቃዬ ሲቪ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል ያደርግና "የእኛ ልጅ ነው፣ ፕሮሰሱን ጨርሺለት" ይለኛል። ሌሎቹን ለይስሙላ እፈትናለሁ። በቀደም ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተነስታ የመጣች ልጅ፣ ዲግሪዋን በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛ "ውጤቱ መቼ ይነገረናል?" አለችኝ። ምን ልበላት?

የባሰው የሙከራ ጊዜው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። እኛ ጋ 60ው ሊሞላ ሲል ሰው ይሰናበትና ቦታው እንደገና ይወጣል። ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት የተፈቀደው እኮ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ነው! ስልክ የሚደወለው ለእኔ፣ እርግማኑም ለእኔ።

ሴት አመልካቾችን "ልጅ አለሽ ወይ?" ብዬ እንድጠይቅም ታዝዣለሁ፤ በቃል ብቻ። በኢሜይል ይጻፍልኝ ስል "አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ" ይሉኛል።

የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ መውጣት እችላለሁ። ግን የቤት ኪራይ አለ፤ እናቴንም የምጦረው እኔ ነኝ። ደግሞ የከተማው ኤችአር ሁሉ ይተዋወቃል።

በሙያው ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ። የቃል ትዕዛዝን ሳትጣሉ በጽሑፍ ያስደረጋችሁት እንዴት ነው? ሌላ ቦታ ኢንተርቪው ላይ "ለምን ልትለቂ ፈለግሽ?" ሲሉኝስ የድሮውን ቤት ሳላማ ምን ልመልስ?