የልጁን ዕድሜ ማን ይጠይቅ? አፕ ሠሪው፣ ስቶሩ ወይስ ወላጅ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያችን ይኸው። አንድ አፕ ልጅ እጅ ሲገባ ዕድሜውን የማጣራትና መረጃውን የመጠበቅ ሸክም የማን ነው? ኮፓ የሚባለው የአሜሪካ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የኢንተርኔት መረጃ ለመጠበቅ የወጣ ነው። በ1998 ጸድቆ በ2000 ሥራ ላይ ዋለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሸክሙን ያሸከመው አፕ ሠሪውን፣ ማለትም ዲቨሎፐሩን ነው። በ2025 ደግሞ የአሜሪካ ግዛቶቹ ዩታና ቴክሳስ "አፕ የሚወርድባቸው ስቶሮች ራሳቸው ያጣሩ" የሚል ሕግ አወጡ። አውስትራሊያ ጭራሽ ባሰች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በትልልቆቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች አካውንት እንዳይኖረው ከለከለች። እናንተስ? ስድብ የለም፣ ሐሳብ ብቻ።

ሴሚኮሎን፦
እኔ ልጀምር፣ ነገሩ የእንጀራዬ ጉዳይ ስለሆነ። ብቻዬን የምሠራ ዲቨሎፐር ነኝ። የሥዕል ማቅለሚያ አፕ አለኝ፣ ትንንሽ ልጆች ይወዱታል። ስም አልጠይቅም። አካውንት የለም፣ ፎቶ የለም። ስቶሩ "ምን ዳታ ትሰበስባለህ?" ብሎ ፎርም ሲያስሞላኝ "ምንም" አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ከወራት በኋላ አፑ ወደ ውጭ ምን እንደሚልክ ስፈትሽ ክው አልኩ። ለማስታወቂያ ብዬ ያስገባሁት ነጻ ኤስዲኬ የስልኩን የማስታወቂያ መለያ ቁጥር ይልካል። ያውም ገና አፑ ሲከፈት፣ ልጁ አንድ ቀለም እንኳ ሳይመርጥ። ኤስዲኬ ለማታውቁ፦ ሌላ ኩባንያ የጻፈው፣ እኛ አፓችን ውስጥ የምንሰካው የኮድ ጥቅል ነው።

ጥፋቴን አምናለሁ። ግን ሕጉ እኔንና የጠበቃ መዓት ያለውን ኩባንያ በአንድ ሚዛን ይመዝናል። መረጃ ከልጅ ከመውሰድህ በፊት የወላጅ ፈቃድ አረጋግጥ ይላል። እንዴት? በክሬዲት ካርድ ክፍያ፣ በተፈረመ ቅጽ፣ በመታወቂያ፣ ወይም የሠለጠነ ሠራተኛ መድበህ በስልክና በቪዲዮ በማነጋገር። እኔ ማንን ልመድብ? ድመቴን? ስለዚህ ስቶሩ ያጣራ። የወላጅ ካርዱም አካውንቱም ያለው እሱ ጋ ነው።

የመንታዎቹ እናት፦
ሴሚኮሎን ወንድሜ፣ ስላመንክ አከብርሃለሁ። "አላወቅኩም" የምትለው ግን አልተዋጠልኝም። እኔ ቤት ያሉት 9 ዓመታቸው ነው። አንደኛው የትውልድ ዓመት ሲጠየቅ 1970 ብሎ ይሞላል። በአፑ ዓለም ከእኔ ይበልጣል፣ አንቱ ልለው ነው። ማን አስተማረው ብትል ራሱ አፑ። "ከ13 ዓመት በላይ መሆን አለብህ" ይለዋል፣ ከዚያ ያው ሣጥን ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ሙላ! ይኼ ፈተና ከነመልሱ ማደል አይደል?

"ወላጅ ይቆጣጠር" ለሚሉትም አንድ ነገር ልበል። የፈቃድ ጥያቄው የሚመጣው ሁለት እጄ ሥራ ላይ እያለ ነው። አንዱ እግሬ ሥር ያለቅሳል። እሺ የሚለውን እጫናለሁ። ምን ላይ እሺ እንዳልኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም። የሚረዝመው የግላዊነት ፖሊሲ፣ የምታጥረው የእኔ ጊዜ።

አንቀጽ 8፦
ከሕጉ ወገን ልጨምር። ኮፓ የሚይዝህ በሁለት መንገድ ነው። አፕህ ለልጆች የተሠራ ከሆነ፣ ወይም ተጠቃሚው ልጅ መሆኑን በርግጥ ካወቅህ። የአጠቃቀም ውል ላይ "ለልጆች አይደለም" ብሎ መጻፍ አያድንም። ዩቲዩብ በ2019 ያ ነገር ደርሶበታል። ለአሻንጉሊት ኩባንያዎች "ልጆች ዘንድ ቀዳሚው እኔ ነኝ" እያለ ራሱን ሲሸጥ ቆይቶ፣ በሌላ በኩል ከ13 በታች ተጠቃሚ የለኝም ይል ነበር። 170 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

የኤስዲኬው ነገር ደግሞ አዲስ ታሪክ አይደለም። በ2013 ሕጉ ሲሻሻል ስልክን የሚለይ ቋሚ ቁጥር ራሱ የግል መረጃ ሆነ። ሌላ ሰው የጻፈው ኮድ በአፕህ በኩል የሚሰበስበውም ባንተ ይጠየቃል ተባለ። በ2025 አፒቶር የሚባል የአሻንጉሊት ሮቦት አምራች የተከሰሰው በዚሁ ነው። አፑ ውስጥ የሰካው የሦስተኛ ወገን ኤስዲኬ የልጆቹን ሎኬሽን (ያሉበትን ቦታ) ይወስድ ነበር። ኤስዲኬውን የጻፈው ሌላ ነው፣ ተጠያቂው ግን አሻንጉሊት ሻጩ ሆነ።

ሴሚኮሎን፦
እኔም የምለው ይኼንኑ ነው! ጥፋቱ የእነሱ፣ ቅጣቱ የእኛ። ጥቅሉ የተዘጋ ሣጥን ነው፣ ውስጡን አናይም።

አንቀጽ 8፦
የማታየውን ሣጥን ልጅ ያለበት ክፍል አስገብተህ ነው የምትከራከረኝ። እነሱም ቢሆኑ አልቀረላቸውም። ኢንሞቢ የተባለው የማስታወቂያ ኩባንያ በ2016 ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር ተቀጥቷል። ሰዎች ሎኬሽን ቢከለክሉትም በአካባቢው ካለው ዋይፋይ እየገመተ ይከታተላቸው ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ልጆችም ነበሩ።

ጋሽ ጠመኔ፦
የኔ ልጆች፣ አስተማሪውንም አትርሱት። አንድ ዘመን ለክፍል ሥራ የሚሆን ፕላትፎርም አመጡልን። "ፈቃዱን በወላጆች ስም ትምህርት ቤቱ ይስጥ" ተባለና ፈረምን። እኔም ፈርሜያለሁ። የፈረምኩትን ወረቀት አላነበብኩም፣ ያነበበ ባልደረባም አላስታውስም። በኋላ በ2023 ኤድሞዶ የተባለ የትምህርት ፕላትፎርም በ6 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሲከሰስ ዝርዝሩን አነበብኩ። የተማሪዎቹን መረጃ ለማስታወቂያ ተጠቅሟል፣ ሕግ የማክበሩን ሥራ ደግሞ ለትምህርት ቤቶቹ ጥሏል ነው ክሱ። እኛ የያዝነው ሌላ ኩባንያ ነበር። ቢሆንም ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዕድሜ ይጣራ ስትሉ ደግሞ እፈራለሁ። ልጁን ከሰብሳቢ ለማዳን መታወቂያውን፣ የፊቱን ፎቶ፣ የእናቱን ካርድ እንሰበስባለን ማለት ነው። ጅብ እንዳይበላው ብሎ ለጅብ አደራ መስጠት አይሆንም?

የመንታዎቹ እናት፦
ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። እኔ የምፈራው መውሰዳቸውን ብቻ አይደለም፣ ማስቀመጣቸውንም ነው። አማዞን አሌክሳ በተባለው የድምፅ ረዳቱ የልጆችን ድምፅ ቅጂ ያለ ገደብ እያስቀመጠ፣ ወላጅ ሰርዙልኝ ሲል በትክክል አልሰረዘም ተብሎ በ2023 25 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። የልጅ ድምፅ ይቀየራል፣ ቅጂው ግን እዚያው አለ።

ስለ ስቶሩም ልንገርህ ሴሚኮሎን። ልጆቼ የሚጫወቱት በእኔ ስልክ ነው። አካውንቱ የእኔ ነው። ስቶሩ ዕድሜ ቢጠየቅ "38" ይልሃል። አንተም ትልቅ ሰው ነች ብለህ ማስታወቂያውን ትለቀዋለህ።

ሴሚኮሎን፦
ይኼን አላሰብኩትም። እሺ፣ የጋራ ስልኩ ይቅር። የልጁ የራሱ አካውንት ካለስ? አፕል የዕድሜ ክልል ብቻ ለአፑ የሚነግር መንገድ አዘጋጅቷል። የትውልድ ቀን አይሰጥም፣ ክልሉን ብቻ። ለእኔ ይኼ ግልግል ነው።

አንቀጽ 8፦
ግልግል አይደለም ወዳጄ። ስቶሩ "ይኼ ተጠቃሚ ከ13 በታች ነው" ብሎ በነገረህ ቅጽበት በርግጥ አወቅህ ማለት ነው። "አላወቅኩም" የምትልበት በር ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያ ኤስዲኬ አንድ ቁጥር ቢልክ ዳኛ ፊት ምን ትላለህ? አይቀሬውን ሥራ ስቶሩ አይሠራልህም፣ ማስታወሻ ብቻ ነው የሚልክልህ።

ሴሚኮሎን፦
...

ዝምታ፦
ሳነብ ነበር። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ዕድሜ ነው። ዳታው ባይሰበሰብስ? የማቅለሚያ አፕ ልጁ 6 ይሁን 60 ለምን ያስጨንቀዋል?

አንቀጽ 8፦
ዝምታ ሲናገር እንዲህ ነው። የእንግሊዝ የልጆች ደንብ ወደዚያ ይቀርባል። 15 መመዘኛዎች አሉት፣ ከ2021 ሴፕቴምበር ጀምሮ በተግባር ይጠየቁበታል። "ለልጆች ነው የተሠራው?" ብቻ አይልም፣ "ልጆች የመግባታቸው ዕድል ሰፊ ነው ወይ?" ይላል። ልጅ የሚለውም እስከ 18 ነው። ሎኬሽን ከመጀመሪያው የተዘጋ ይሁን፣ የማያስፈልግህን አትውሰድ ይላል። ዕድሜ ማጣራት ካልቻልክ ደግሞ ጥበቃውን ለሁሉም ስጥ።

ጌም ሠሪው ኤፒክ ጌምስ በ2022 በኮፓ ብቻ 275 ሚሊዮን ዶላር የከፈለበት ጉዳይ ላይም አንዱ ክስ የዚሁ ዘመድ ነው። ፎርትናይት በተባለው ጌሙ ላይ የድምፅና የጽሑፍ ቻት ከመጀመሪያው ክፍት ነበር። ልጁ ሳይጠይቅ፣ ሳያውቅ።

ሴሚኮሎን፦
በወሬ ቀላል ነው። ተጠቃሚውን የማይከታተል ማስታወቂያ የሚከፍለው ያነሰ ነው። ጎግል ለልጆች አፕ የሚፈቅደው ለዚያ የተመዘገቡ የማስታወቂያ ኤስዲኬዎችን ብቻ ነው። አፕል የልጆች ምድብ ውስጥ የሦስተኛ ወገን ማስታወቂያና የአጠቃቀም መከታተያ ከጥቂት ሁኔታ በቀር አያስገባም። ነጻ የነበረው አፕ ሊሸጥ ነው። ያኔ መክፈል የማይችል ቤት ያለው ልጅ ምን ይቀባል? ይኼንን ማንም አልመለሰልኝም።

የመንታዎቹ እናት፦
እኔም መልስ የለኝም። ግን እስካሁንም ነጻ አልነበረም። ሒሳቡን እኔ ሳላየው ልጆቼ እየከፈሉ ነበር።

ጋሽ ጠመኔ፦
አንዳንዱን ነገር ወረቀትና እርሳስ ይሠራው ነበር። ይቅርታ፣ የሽማግሌ ነገር ነው።

ሴሚኮሎን፦
እሺ። ዛሬ ማታ ኤስዲኬውን ነቅዬ አፕዴት እልካለሁ። ስቶሩ ላይ የሞላሁትንም ፎርም አስተካክላለሁ። ገቢው ከወረደ እዚህ መጥቼ አለቅስባችኋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ እስካሁን የሄዱት መለያ ቁጥሮችስ?

አንቀጽ 8፦
ለማስታወቂያ ኩባንያው ጻፍ። ሰርዙ በል፣ መሰረዛቸውን በጽሑፍ ጠይቅ። የመለሱልህን እዚህ ለጥፍልን።

ሴሚኮሎን፦
ጻፍኩ። አውቶማቲክ መልስ መጣ። ጥያቄዬን ለማስተናገድ መጀመሪያ ሙሉ ስሜንና የትውልድ ቀኔን እንድሞላ ይጠይቃል።