እናቴን ድሬ መቼ ላምጣት?

የድሬ ልጆች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። እናቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናት። ቆላ አታውቅም፣ ደም ግፊትም አለባት። ድሬዳዋን በዓይኗ እንድታይ በጣም እፈልጋለሁ።

ግንቦትና ሰኔ እንደማይሆኑ ግልጽ ነው። ቤታችን ቆርቆሮ ነው። በዚያን ጊዜ ሌሊቱም አይበርድም፤ ፍራሽ ግቢ አውጥተን ነው የምንተኛው። ክረምት ላይ ደግሞ ከተማውን የሚያቋርጠው ደቻቱ ወንዝ ያስፈራኛል። የ1998ቱን ጎርፍ ማን ይረሳል?

እሷ የምትለው አንድ ነው፦ ቁልቢ ገብርኤል፣ ታኅሣሥ 19። ያኔ የድሬ አየርስ ይስማማታል፤ ማታ ነጠላ ጣል ማድረግ ይበቃል። ግን ሕዝቡ! ግፊያውን አትችለውም ብዬ ሰጋሁ። አብረዋት ለሚመጡት ዘመዶችም ያን ሰሞን አልጋ ማግኘት ፈተና ነው። ጥር ላይ ነይ ብላት «ንግሡ ካለፈ ምን ልሠራ?» አለችኝ። ስለቷን ማስቀረትም ከበደኝ።

አረጋዊ ይዛችሁ ለንግሡ የወጣችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁ? ቀደም ብላ መጥታ አየሩን ብትለምደው፣ ከዋዜማው በፊት ተሳልማ ብትመለስ ይሻላል? ወይስ ጥርን አጥብቄ ልለምናት? ሐረርንም ላሳያት አስቤያለሁ፤ ደጋ ቀመስ ስለሆነ እዚያ አይከብዳትም።